የጋሽ ሙላቴ ሠላሳ ሰባት ጠፍጣፋ ዓሦች

እኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ዘነበች እባላለሁ። የምሠራው ደብረ ታቦር ካለ አንድ ኮሌጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ባልዲና መጥረጊያ ስመዘግብ ኖሬአለሁ። አፍጥጦ የሚያየኝ ንብረት የገጠመኝ ግን አንዴ ብቻ ነው። ስለ እሱ ሳወራ ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ፤ እኔ ስወድም ስጠላም እየጮህኩ ነው።

መጀመሪያ ጋሽ ሙላቴን እወቋቸው። የቤተ ሙከራችን ረዳት ናቸው። ረዳት መባላቸው በወረቀት ነው፤ ሥራቸው ብርጭቆ ማጠብ፣ ጠረጴዛ መወልወል፣ አይጥ ማባረር ነው። ከዚያ በፊት ገሳይ ገበያ ላይ የበግ ደላላ ነበሩ። ከጉና ተራራ የወረደ በግ ሲቀርብላቸው ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ጥርሱን ያያሉ፣ እጃቸውን ወገቡ ላይ ያሳርፋሉ፣ ከዚያ ዕድሜውን፣ ያደገበትን መንደር፣ ምን ሲበላ እንደከረመ ይናገራሉ። ተሳስተው አያውቁም ይባላል፤ የሚለው ሰው ራሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ድለላውን ትተው እኛ ጋ ተቀጠሩ። ቅን ሰው ናቸው፤ ግን ችክ! አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም፣ ሰውም አያስለቅቃቸውም።

ዓሦቹ የመጡት በ2003 ዓ.ም. ከውጭ አገር በእርዳታ ነው። ከሚዛንና ከአጉሊ መነጽር ጋር አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አብሮ ወረደ። ሲከፈት ሠላሳ ሰባት ጠርሙስ፣ በየጠርሙሱ አልኮል ውስጥ የተነከረ አንድ አንድ ዓሣ። የጣና ዓሣ ቢሆን እሺ። እነዚህ ግን ፀሐይ ከማይደርስበት ከጥልቅ ባሕር የወጡ ናቸው። እንደ ቂጣ የተጠፈጠፉ፣ ሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ጎን የሆነ! በዚያኛው ጎን ምንም የለም፣ ነጭ ቆዳ ብቻ። ኧረ በስመ አብ! ጽዳቶቹ አይተው አማተቡ። ባሕር የሌለው አገር፣ ያውም ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ላይ የተቀመጠ ከተማ፣ በየትኛው ኃጢአቱ ነው የባሕር ወለል የሚላክለት?

ዲኑን ብጠይቃቸው «እርዳታ ነው፤ መዝግቢ» አሉኝ። እሺ፣ ልመዝግብ። ሞዴል 19 የምንለው የንብረት መቀበያ ቅጽ ላይ «ዓይነት» የሚል ዓምድ አለ። በየጠርሙሱ ላይ ስማቸው ተለጥፎ ነበር፤ ነገር ግን በመንገድ በፈሰሰው አልኮል ርሶ ቀለሙ ሄዷል። ስለዚህ «ዓሣ፣ ጠፍጣፋ፣ ዓይነቱ ያልተለየ» ብዬ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ጻፍኩ። ከሣጥኑ ሥር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ እሱንም መዝግቤ እንዳይጠፋ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ከዚያ ወዲያ ዓሦቹን ዞር ብሎ ያየ የለም፣ ከጋሽ ሙላቴ በቀር። አልኮሉ በተነነ ቁጥር ይጨነቃሉ። «አልኮል ይገዛልኝ» ብለው መጠየቂያ ሲሞሉ ዲኑ ይስቃሉ፣ የበሩ ዘበኞች ደግሞ ጋሽ ሙላቴ ማታ ሲወጡ አፋቸውን ማሽተት ጀመሩ። አንድ ቀን ቤተ ሙከራ ስገባ ከሠናይት አረቄ ቤት ያመጡትን ዳግም አረቄ በጆግ ይዘው በየጠርሙሱ ሲያንቆረቁሩ ደረስኩ።

«ጋሽ ሙላቴ! ዓሣ ያሰክራሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ከደረቁ ይሰነጠቃሉ ልጄ» አሉኝ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። የኮሌጁ ንብረት በአረቄ መኖሩን ለማን ሪፖርት ላድርግ? ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወጣሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ 2017 ደረሰ። ጥቅምት ላይ የዓሦቹ ክፍል ለመሰብሰቢያ አዳራሽ ተፈለገ፤ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተቀመጠ፣ ጸሐፊዋ እኔ። አንዱ አዲስ አበባ ላለ ሙዚየም እንላክ ይላል፣ ሌላው እንጣል ይላል፣ ሦስተኛው ይበላ እንደሆነ ይጠይቃል። ሰባት ሰዓት ሆነ። ራበኝ፣ ተናደድኩ፣ እና ቃለ ጉባኤው ላይ ከራሴ አውጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዓይነታቸው የተለዩት ወደ ሙዚየም ይላኩ፤ እስከ ሰኔ 30 ያልተለዩት ጉድጓድ ተቆፍሮ ይወገዱ።» ሁሉም «ግሩም!» ብለው ፈርመው ለምሳ ተበተኑ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሙላቴ ቢሮዬ በር ላይ ቆመዋል።

«ዘነበች ልጄ፣ ያለ ስም ልትቀብሪያቸው ነው?»

«ማስወገድ ነው ጋሽ ሙላቴ፤ መቅበር አይደለም።»

«ጉድጓድ ይቆፈራል?»

«ይቆፈራል።»

«አፈር ይመለስበታል?»

«ይመለስበታል።»

«ታዲያ መቅበር በምን ይለያል?»

«ለመወገድ ስም አያስፈልጋቸውም፤ የንብረት ቁጥር አላቸው» አልኩ።

«ሰው ሲሞት ቄሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው የክርስትና ስሙን አይደለም?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «እንዴ! ለዓሣ ፍትሐት እናስፈታ ሊሉኝ ነው? ዕድር እናስገባቸው?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ እያሻሹ፣ «የበኩር ልጃችን ወንድ ነበር» አሉ። «በተወለደ በሠላሳ ሁለት ቀኑ ሞተብን። ለአርባው ስምንት ቀን ቀርቶት። ስሙን ለክርስትናው ቀን ብለን አቆይተነው ነበር፣ የዓለሙንም የክርስትናውንም። ማን ነበር ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ፍትሐት የለ፣ ስም የለ፣ አጥር ሥር ቀበርነው። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እመቤት እስካሁን ቀኑ በመጣ ቁጥር ታለቅሳለች፣ ማን ብላ እንደምታለቅስ ግን አታውቅም።» እትዬ እመቤት ባለቤታቸው ናቸው። «ስም የሌለው መቃብር አንድ አለኝ ልጄ፤ ሠላሳ ሰባት አትጨምሪብኝ።»

አንጀቴን በሉት። እኔ ደግሞ ማፈር አልወድም፤ ሳፍር እቆጣለሁ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ያን አሥራ አራት ዓመት የቆለፍኩበትን መጽሐፍ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው! ከዚያ ወዲያ አንዲት ቀን አልጨምርም!» ብዬ ጮህኩ። መጽሐፉን አቅፈው ወጡ።

እንግሊዝኛቸው የስምንተኛ ክፍል ነው፤ መዝገበ ቃላት ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ። መጽሐፉ ዓሣ የሚለየው በጥያቄ ነው። «የደረት ክንፍ አለው? ካለው ወደ ዘጠኝ ቁጥር ሂድ፤ ከሌለው ወደ አሥራ አራት ሂድ» ይላል። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃል፣ እንዲያ እያለ ስሙ ላይ ያደርሳል። ጋሽ ሙላቴ ይህን ሲረዱ ፊታቸው በራ። «ይሄማ ወደ አንበሳሜ የሚወስደውን መንገድ እንደ መጠየቅ ነው! መገንጠያው ላይ በቀኝ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ በግራ» አሉ። በበጉም ዘዴ ሞከሩ። አፋቸውን በወረንጦ እየከፈቱ ጥርስ ያያሉ። አንድ ነገርም አገኙ፤ ብዙዎቹ ዓሦች ጥርሳቸው የሚበዛው ዓይን በሌለው ጎን ነው። ለዲኑ ቢነግሯቸው «አበጀህ» ብለው ወደ ስብሰባ ሄዱ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ከቀኝና ከግራ ነው። አንዳንዱ ዓሣ ዓይኖቹ በቀኝ ጎኑ ናቸው፣ አንዳንዱ በግራ ጎኑ፤ መጽሐፉ መጀመሪያ ይህ ይለይ ይላል። ጋሽ ሙላቴ ሃያ አንዱን በቀኝ መደርደሪያ፣ አሥራ ስድስቱን በግራ አቆሙ። ከዚያ መዝገባቸው ላይ ቀኞቹን «ሴት»፣ ግራዎቹን «ወንድ» ብለው ጻፉ።

«በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ቤተ ክርስቲያን አትሄጂም? ሴት በቀኝ፣ ወንድ በግራ አይደለም የምንቆመው?»

እኔም «እውነትም!» ብዬ ወጣሁ። ይህን ስናገር አሁንም ፊቴ ይቀላል። ለሦስት ሳምንት ኮሌጁ በሙሉ አመነ፤ የባዮሎጂው መምህር ባዩ ሳይቀር ገብቶ አይቶ ሥርዓት ያለው ነገር ነው ብሎ ወጣ። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን የጋሽ ሙላቴ ጩኸት ከኮሪደሩ ዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ዘነበች! ኧረ ዘነበች! ከወንዶቹ መሃል እርጉዝ ተገኘ!»

መምህራን ጠመኔያቸውን ይዘው ከክፍል ወጡ። እውነትም የአሥራ አንደኛው ጠርሙስ ዓሣ ሆዱ ላይ ባለ አሮጌ ስንጥቅ በኩል እንደ ጤፍ የደቀቀ እንቁላል ብቅ ብሏል። ያውም በወንዶቹ በኩል ቆሞ! ጋሽ ሙላቴ ወንበር ላይ ተቀመጡና ራሳቸውን ያዙ። ሳምንት ሙሉ ሰው አላናገሩም። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ሠላሳ ሰባቱንም ሰርዘው፣ ከጎኑ «ጾታው ለጊዜው አይታወቅም፤ አስተካክላለሁ፤ ይቅርታ» ብለው ጻፉ። ይቅርታው ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከዚያ እኔም ተጠመድኩ። የጀርባና የሆድ ክንፋቸውን አጥንት አንድ በአንድ መቁጠር የግድ ነው፤ አንዱ ዓሣ ብቻ መቶ ምናምን አለው። ጋሽ ሙላቴ በመርፌ እየነኩ ለእያንዳንዱ አጥንት አንድ የገብስ ፍሬ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ግን ደወል ሲደወል ይደናገራሉና፣ «ቆጠራ የንብረት ክፍል ሥራ አይደል?» ብለው ጠሩኝ። ምን ነክቶኝ እንደሄድኩ እንጃ።

«መቶ አራት! ጻፍሽ?»

«መቶ ሦስት ነው! ሁለቴ ነው የነኩት ይቺን!»

«አንቺ ነሽ የዘለልሽው!»

«ሞቼ ነው ቆሜ! እንደገና!»

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ከረምን። ብሶብኝ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ የዓሣ ጥብስ ሲቀርብልኝ ክንፉን ዘርግቼ ስቆጥር አስተናጋጇ መጥታ «እህቴ፣ የጎደለ ነገር አለ?» አለችኝ። አብረውኝ የነበሩት እስካሁን ያሾፉብኛል።

ግንቦት ሲገባ ሠላሳ ስድስቱ ስም አገኙ። ምላስ የማይደፍረው፣ ሁለት ክንድ የሚያህል የላቲን ስም፤ ጋሽ ሙላቴ ግን አንድ በአንድ ሸምድደው እንደ ዳዊት ይወጡታል። የቀረው የሃያ ሦስተኛው ጠርሙስ ዓሣ ብቻ ነው፣ ጣት የሚያህል፣ ቀጭን፣ ምላስ የሚመስል። የደረት ክንፍ የለውም፤ ወደ አሥራ አራት ይሄዳሉ። አሥራ አራት ወደ አሥራ አምስት ይልካቸዋል፤ አሥራ አምስት ላይ ሁለቱም መልስ አይሆንም። ተመልሰው ወደ አሥራ አራት። ሃምሳ ጊዜ ቆጠርነው። ጋሽ ሙላቴ ከሱ፤ እትዬ እመቤት «ምግብ አልበላ አለኝ» ብለው መንገድ ላይ አስቁመው ነገሩኝ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጉድጓዱ ተቆፈረ። ወዲያው ዝናብ ጣለና ውሃ ሞላው። ዲኑ በመስኮት አይተው «ይሄማ ወደ ውሃቸው መመለስ ነው፤ አይከፋቸውም» ብለው ሳቁ። ጋሽ ሙላቴ አልሳቁም። እኔም ደሜ ፈልቶ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ሀያት ለዓረፋ ከአዲስ አበባ መጣች። ሀያት ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ሐሰን ልጅ ናት፤ የዓሣ ነገር ተምራ ያ የምላችሁ ሙዚየም ውስጥ ትሠራለች። ሱቁ ድረስ ሄጄ «በሞቴ፣ አንዲት ዓሣ እዪልን» ብዬ ለመንኳት። ልጅቱ ሳትለግም መጣች። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ክዳን ከፍታ አሸተተችና ወደ ኋላ አለች።

«ይሄ ምን ዓይነት አልኮል ነው?»

«የሠናይት» አሉ ጋሽ ሙላቴ።

ቀኑን ሙሉ ሠራች። ቀይ እስክሪብቶው ጋ ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች፣ ግን አልሳቀችም። ከሠላሳ ስድስቱ ሁለቱን ብቻ አረመች። «ጋሽ ሙላቴ፣ ወላሂ፣ ይህን ያለ አስተማሪ ነው የሠሩት?» አለች። ጋሽ ሙላቴ ሙገሳውን የሰሙም አይመስሉ። ሃያ ሦስተኛውን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

ተቀበለቻቸውና በመነጽሩ አየችው። ቆጠረችው። እንደገና ቆጠረችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር እኔ የገብሱን ጣሳ አስጠጋሁላት።

«ይሄኛው መጽሐፉ ላይ የለም» አለች። «እርስዎ አልተሳሳቱም። ምናልባት ገና ማንም ስም ያላወጣለት ይሆናል። ይህን አጣርቶ ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል።»

ጋሽ ሙላቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እንግዲያ እሱን ብቻ ትቀብሩታላችሁ» አሉ።

«ማን ነው የሚቀብረው?» አለች ሀያት።

ከኮታቸው ኪስ ቃለ ጉባኤውን አወጡ፤ ታጥፎ ታጥፎ ሊቀደድ የደረሰ ኮፒ ነው። ሀያት ከላይ እስከ ታች አነበበችና ፊርማው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስብሰባው ረዘመ» አልኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ስምንት ወር ያን ሽማግሌ ያንከራተተው የኔ ረሃብ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሀያት ወንበሯን ወደ ጋሽ ሙላቴ አስጠጋች። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ የለም» አለቻቸው። «ስም ያለውማ ስም አለው፤ አብልጠን የምንጠብቀው ስም የሌለውን ነው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ስንት አሥር ዓመት ስሙን የሚጠብቅ አለ። አይጣልም፣ አይቀበርም። ስም እስኪወጣለት ቦታው የራሱ ነው።»

«ስም ሳይኖረውም ቦታ አለው?»

«አለው።»

«የራሱ?»

«የራሱ።»

ጋሽ ሙላቴ ቃለ ጉባኤውን ከእጇ ተቀብለው አጠፉት። «እስቲ እሱን በወረቀት ጻፊልኝ ልጄ» አሉ። «ለእመቤት ላንብብላት።»

ሀያት የልጁን ነገር አታውቅም፤ የርክክብ ወረቀት የፈለጉ መስሏት ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ ጻፈች። «ስም የሌለው አይጣልም። ስም እስኪወጣለት ቦታው ተጠብቆለታል።» ስሟን ጽፋ ፈረመችበት። ጋሽ ሙላቴ ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ማኅተም የለውም» አሉ።

እኔ ቁጥር በሌለው ወረቀት ላይ ማኅተም መትቼ አላውቅም፤ ያስከስሳል። ሮጬ ቢሮዬ ገባሁ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ራሴን እየተሳደብኩ፣ የኮሌጁን ክብ ማኅተም ይዤ መጣሁና በሙሉ ኃይሌ መታሁበት። ጋሽ ሙላቴ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አሉበትና በደረት ኪሳቸው ከተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።